ስለ ትንሽ ኩሽኔታና ስለ ትልቅ ኪሣራ

ባለፈው ክረምት በአዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ለሁለት ወር ያህል ለልምምድ ስሠራ፣ አንድ ሰው አውቶሞቢሉን አስጎትቶ አመጣ። ሞተሩ ወርዶ ሲፈታ ቫልቮቹ ተጣመው፣ ከፒስቶኖቹም ሁለቱ ተቀጥቅጠው ተገኙ። ባለቤቱ ዘይቱን በወቅቱ የሚያስለውጥ፣ መኪናውን በጥንቃቄ የሚይዝ ሰው ስለ ነበረ «የኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?» ሲል ጠየቀ። ሽማግሌው መካኒክም ከዘይቱ ቋት ያወጣውን የተሰባበረ ፕላስቲክ በመዳፉ ይዞ «ጌታዬ፣ ጥፋቱ የርስዎ አይደለም፤ የዚህ ነው» አለው። ያ ስብርባሪ ካቴናውን በመሥመሩ የሚይዝ መምሪያ ነበረ። ዕቃው ለብቻው ቢገዛ የአንድ ጎማ ዋጋ ያህል እንኳ አይሆንም፤ ያስከተለው ኪሣራ ግን ከመኪናው ዋጋ እኩሌታውን የሚወስድ ሆነ። ሰውየው ሒሳቡን ሰምቶ ለረዥም ጊዜ ዝም አለ፤ በመጨረሻም መኪናውን ሳያሠራ ትቶት ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከአሳቤ አልወጣም። ይህን ያህል ዋጋ ያለው ሞተር ይህን ያህል ርካሽ በሆነ ዕቃ የሚሞተው በምን ምክንያት ነው? ለዚህ መልስ ለማግኘት ስል፣ በዓለም ላይ በስፋት ከታወቁት የሞተር ጉድለቶች መካከል አራቱን መርጬ ለመመርመር ሞክሬአለሁ። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው የዚያን ምርመራ ውጤት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢው እንዲያስተውል እለምናለሁ።

አስቀድሜ አሳቤን በአጭሩ ልግለጽ። የማይሰበር ዕቃ የለም፤ ስለዚህ አንድ ዕቃ በመሰበሩ ብቻ ንድፍ አውጪውን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። የሚያስወቅሰው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ዕቃው የተሰበረ ዕለት ምን እንደሚከተል አለማሰብ፣ ወይም አስቦ መዘዙን ለገዢው መተው ነው። እኛ በክፍል ውስጥ ስንማር ዘወትር የምንጠየቀው «ይህ ዕቃ ይህን ያህል ኀይል ይችላል ወይ?» ተብለን ነው። «ያልቻለ እንደ ሆነ ምን ይዞ ይወድቃል?» ተብለን የምንጠየቀው ግን ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ከዚህ በታች የሚታዩት ሞተሮች ሁሉ የመጀመሪያውን ጥያቄ በወረቀት ላይ አልፈው፣ በሁለተኛው ላይ የወደቁ ናቸው።

የመጀመሪያው ምሳሌ የጀርመኑ ፖርሼ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የዚህ ኩባንያ ሽያጭ እጅግ ወድቆ ስለ ነበረ፣ መኪናዎቹን በአነስተኛ ወጪ መሥራት ግዴታ ሆነበት። በ1996 ቦክስተር የተባለው መኪና ኤም 96 ከሚባለው አዲስ ሞተር ጋር ወጣ። ቀጥሎም ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአየር ሲቀዘቅዝ የኖረው 911 በዚሁ ዐይነት ሞተር ወደ ውሃ ማቀዝቀዣ ተሻገረ። ስድስቱ ሲሊንደሮች ሦስት ሦስት ሆነው በግራና በቀኝ የተጋደሙ ናቸው። ከዋናው ዘንግ በታች አንድ መካከለኛ ዘንግ አለ፤ እርሱም ከዋናው ዘንግ የተቀበለውን መሽከርከር ቫልቮቹን ለሚያንቀሳቅሱት የካም ዘንጎች በካቴና ያስተላልፋል። የዚህ መካከለኛ ዘንግ አንደኛው ጫፍ የሚያርፈው በእጅ መዳፍ በምትያዝ ባለ ኳስ ኩሽኔታ ላይ ነው።

ይህች ኩሽኔታ በሁለቱም ፊቷ የተከደነችና ግራሶዋ ከፋብሪካ የተሞላባት ናት። በተከደነች ኩሽኔታ መጠቀም ርካሽ ነው፤ ዘይት የሚወስድላት ቀዳዳ መቦርቦር አያስፈልግም። ነገር ግን ኩሽኔታዋ የተቀመጠችው በሞተር ውስጥ፣ በጋለ ዘይት መካከል ነው። ጊዜ ሲያልፍ ክዳኑ ይደክምና የሞተሩ ዘይት ወደ ውስጥ እየሰረገ ግራሶውን አጥቦ ያወጣዋል። የሚያሳዝነው፣ ያው ክዳን አዲስ ዘይት እንደ ልቡ ገብቶ ኳሶቹን እንዳያለሰልስ የሚከለክል መሆኑ ነው። ስለዚህ ኩሽኔታዋ በዘይት ባሕር ውስጥ ተቀምጣ ዘይት ይጠማታል። ኳሶቹ ሲበሉ ዘንጉ ይናወጣል፣ ካቴናው ይዘላል፣ የቫልቮቹ ጊዜ ይዛነፋል፤ ፒስቶኖቹም ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫሉ። የብረቱ ፍቅፋቂ በዘይቱ ተጭኖ በሞተሩ ውስጥ ሁሉ ስለሚዞር፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩን ማደስ ከመግዛት የማይሻል ይሆናል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኩሽኔታዋ ሁለት ረድፍ ኳስ ነበራት። ወደ 2000 ዓመት ገደማ ግን ባለ አንድ ረድፍ በሆነች በሌላ ተተካች፤ ይበልጥ የተማረሩትም የእነዚህ መኪናዎች ባለቤቶች ናቸው። በ2006 ደግሞ ትልቅ ኩሽኔታ ገባች። ይህች ጠንካራ መሆኗ የተመሰከረላት ብትሆንም የሞተሩ አካል ለሁለት ሳይከፈል የማትወጣ ናት። በመጨረሻም በ2009 ሞዴል በወጣው አዲስ ሞተር መካከለኛው ዘንግ ራሱ ቀረ። አንድ ኩባንያ አንድን ዕቃ ሁለት ጊዜ ከለወጠ በኋላ ጨርሶ ማስወገዱ ከማንኛውም ትችት የበለጠ ይናገራል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ኩባንያ፣ መካከለኛ ዘንግ ያለው ሌላ ሞተር ይሠራ ነበር፤ ይኸውም ከሐንስ ሜትስገር ንድፍ የመጣውና ለ911 ቱርቦና ለጂቲ 3 የተመደበው ነው። በዚህኛው ላይ ዘንጉ የሚሽከረከረው ኳስ በሌለው፣ የሞተሩ ዘይት በግፊት በሚደርሰው ኩሽኔታ ላይ ስለ ሆነ፣ የተባለው ሕመም አልነካውም። እንግዲህ ዕውቀቱ ጠፍቶ አልነበረም ማለት ነው። ዕውቀቱ በቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ውድ መኪና ለገዛው ተሰጠ፤ ረከስ ያለውን ለገዛው ግን ተነፈገ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው እንዲህ ላለው ቁጠባ ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ቀርቦ በ2013 በዕርቅ ሲያልቅ፣ ኩባንያው ከግንቦት 2001 እስከ የካቲት 2005 ድረስ ለተሠሩት መኪናዎች ካሣ ለመክፈል ተስማምቷል።

ሁለተኛው ምሳሌ የቆየ ነው። እንግሊዞች ከ1970 እስከ 1977 ድረስ ትራይምፍ ስታግ የተባለ መልከ መልካም አውቶሞቢል ይሠሩ ነበር። ባለ ሦስት ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ሲኖረው፣ በጠቅላላው ወደ 26 ሺህ የሚሆን ተሠርቷል። የዚህ ሞተር የውሃ ፖምፓ የተቀመጠው ከሞተሩ አናት ላይ፣ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ነው። ውሃ ከላይ ይጎድላል እንጂ ከታች አይጎድልም፤ ስለዚህ ውሃው ጥቂት የቀነሰ እንደ ሆነ ከሁሉ በፊት የሚደርቀው ራሱ ፖምፓው ነው። ፖምፓው ሲደርቅ ደግሞ በሞተሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ሁሉ መዘዋወሩን ያቆማል። በሌላ መኪና ላይ አንድ ሊትር ውሃ ቢጎድል ማስጠንቀቂያ ነው፤ በስታግ ላይ ግን ፍርድ ሆነ።

ሞተሩ በጋለ ጊዜ ከአሉሚኒየም የተሠራው ቴስታታ ይጣመማል፤ የታችኛው አካል ብረት ስለ ሆነ ሁለቱ በሙቀት እኩል አይሰፉም፣ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። እንግዲህ ቴስታታው ይውረድ ሲባል ሌላ ችግር ይመጣል። ቴስታታውን ከያዙት ማሰሪያዎች ከፊሉ ቀጥ ብለው፣ ከፊሉ ደግሞ በማዕዘን ዘንበል ብለው የተተከሉ ናቸው። የተዘነበሉት ዝገው ከአሉሚኒየሙ ጋር የተጣበቁ እንደ ሆነ ቴስታታው ወደ ላይም ወደ ጎንም እንቢ ይላል፤ መካኒኩም መፍታቱን ትቶ መስበር ይጀምራል። ብዙ ባለቤቶች በዚህ ተስፋ ቈርጠው ዋናውን ሞተር አውጥተው የሮቨርን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ተክለውበታል። ስታግም ሮቨርም በዚያን ጊዜ የአንድ ኩባንያ፣ የብሪቲሽ ሌይላንድ፣ ልጆች እንደ ነበሩ ስናስታውስ ነገሩ ከማሳቁ ይልቅ ያሳዝናል።

ሦስተኛው ምሳሌ ስለ ቦታ ያስተምረናል። ቢኤምደብሊው በ2007 ባወጣው ኤን 47 በተባለው ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ላይ፣ የካም ዘንጎችን የሚያዞረው ካቴና ከሞተሩ ፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ካምቢዮው በኩል ተዛወረ። ካቴና ከቺንጋ ይልቅ ዕድሜው ረዥም ነው፤ ሞተሩ እስኪያረጅ ድረስ አይነካም ተብሎም ይታመናል። በዚህ ሞተር ላይ ግን በብዙ መኪናዎች ካቴናው አለጊዜው እየላላና መምሪያዎቹ እየተበሉ ተበጠሰ፤ በተበጠሰም ጊዜ ፒስቶንና ቫልቭ ተጋጩ።

ካቴናው ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ መካኒኩ ክዳኑን ከፍቶ፣ አይቶ፣ ለውጦ ይመልሰው ነበር። ከኋላ በመሆኑ ግን ለመለወጥ ቀርቶ በደንብ ለማየት እንኳ ሞተሩን ማውረድ፣ ቢያንስ ካምቢዮውን ማላቀቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ጩኸት ሰማሁ፣ ምናልባት ካቴናው ይሆን?» የሚል ሰው ጥርጣሬውን ለማጣራት ብቻ ከባድ ወጪ ይጠየቃል። ብዙ ሰውም አያጣራም፤ እስኪበጠስ ይነዳል። «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» ያሉት አባቶቻችን፣ በወንበር ላይ ተቀምጦ ንድፍ ለሚያወጣ ሰው የተናገሩት ይመስላል።

አራተኛው ምሳሌ የዘመናችን ነው። የፎርድ ባለ አንድ ሊትር ኤኮቡስት ሞተርና ለፔዦና ለሲትሮየን የተሠራው ባለ 1.2 ሊትር ፒዩርቴክ ሞተር ሁለቱም ሦስት ሲሊንደር ያላቸው ትናንሽ ሞተሮች ናቸው። ሁለቱም በመጀመሪያው አሠራራቸው የካም ዘንጉን የሚያዞሩት በካቴና ሳይሆን፣ በሞተሩ ዘይት ውስጥ እየተነከረ በሚሽከረከር የላስቲክ ቺንጋ ነው። ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም፤ በዘይት የራሰ ቺንጋ ፍትጊያው አነስተኛ፣ ድምፁም ዝቅተኛ ነው፤ ነዳጅም ይቈጥባል። ነገር ግን የሞተር ዘይት እንደ ተቀዳ አይኖርም። መኪናው በከተማ ውስጥ አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ እንደ ሆነ ያልተቃጠለ ቤንዚን ከዘይቱ ጋር ይቀላቀልና ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ይሰነጥቀዋል፣ ይልጠዋል።

የተላጠው ላስቲክ የሚሄድበት ሌላ ቦታ ስለሌለ ወደ ዘይቱ ቋት ይወርድና የዘይቱን ፖምፓ ማጥለያ ይደፍናል። ዘይት ያጣ ሞተርም ብረት ከብረት ጋር እየተፋተገ ያልቃል። በፒዩርቴክ ላይ ደግሞ ፍርፋሪው የብሬኩን ረዳት ፖምፓ ጭምር እየነካ የፍሬን ፔዳል እንዲከብድ ስላደረገ፣ መኪናዎች ለጥገና ተጠርተዋል፤ በዚህ ጊዜ ነገሩ ከገንዘብ አልፎ ወደ ነፍስ መጣ። እነሆ፣ ያረጀ ቺንጋ በደረቅ ቦታ ቢሆን ጉዳት የሚያደርሰው ሲበጠስ ነበር፤ በዘይት ውስጥ በመግባቱ ግን ሳይበጠስም ሞተሩን ይገድላል።

ከዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ። የፎርዱ ሞተር በ2012፣ በ2013 እና በ2014 በተከታታይ የዓለም የዓመቱ ሞተር ተብሎ ተሸልሟል። ፒዩርቴክም ከ2015 እስከ 2018 ድረስ በክፍሉ አራት ጊዜ ተሸላሚ ሆኗል። ሸላሚዎቹ ዋሹ አልልም፤ ያዩት አዲሱን ሞተር ነው፤ አዲሱ ሞተርም በእውነት ጥሩ ነበር። ግን ሞተር የሚመዘነው በሠርጉ ቀን ነው ወይስ በዐሥረኛው ዓመቱ? በመጋቢት 2024 የፒዩርቴክ ባለቤት የሆነው ስቴላንቲስ ለተጎዱት ሰዎች ዋስትናውን እስከ 10 ዓመት ወይም እስከ 175,000 ኪሎሜትር ድረስ ለማራዘም ተገደደ፤ በአዲሱ የሞተሩ ዐይነት ላይም ቺንጋው ቀርቶ ካቴና ተመለሰ።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «የተበላሹት ከጠቅላላው ጥቂቶቹ ናቸው» የሚል ነው። ይህ ለፋብሪካው መልስ ሊሆን ይችላል፤ ፋብሪካው ሺህ መኪና ሸጦ በኀምሳው ቢከስር ይተርፈዋል። ገዢው ግን ያለው መኪና አንድ ነው፤ ያ አንዱ የሞተ እንደ ሆነ ለርሱ ጥፋቱ ከመቶው መቶ ነው። ስለዚህ የመሰበሩ ዕድል ትንሽ ቢሆንም፣ መዘዙ ሞተሩን ሁሉ የሚያጠፋ ከሆነ፣ ዕቃው እንደ ትንሽ ዕቃ ሊታይ አይገባውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ባለቤቶቹ ዘይት በወቅቱ አይለውጡም» የሚል ነው። እውነት አለበት፤ ቸልተኛ ባለቤት ብዙ ነው። ሆኖም በተከደነች ኩሽኔታ ውስጥ ያለውን ግራሶ ባለቤቱ እንዴት አድርጎ ይለውጣል? ከካምቢዮው ጀርባ የተደበቀውን ካቴና በምን ዐይኑ ይመለከታል? ሰውን በማያየውና በማይደርስበት ነገር በጥፋተኝነት መክሰስ ተገቢ አይመስለኝም። ደግሞም ንድፍ የሚወጣው ለመላእክት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ የሚዘነጋ፣ አንዳንድ ጊዜ ገንዘብ የሚያጥረው ሰው እንደሚነዳው ታውቆ ነው መኪና መሠራት ያለበት።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ «ንድፍ ሁሉ ማመዛዘን ነው፤ ዋጋ፣ ክብደት፣ ነዳጅ ሁሉ ይታሰባል» የሚለው ነው። ይህን ከመምህራኖቻችን ተምሬአለሁ፣ አልክደውምም። የምጠይቀው ግን በሚዛኑ ላይ የማን ገንዘብ እንደ ተቀመጠ ነው። የዘይት ቀዳዳ ባለመቦርቦሩ የተቈጠበው ገንዘብ ለፋብሪካው ገባ፤ ኩሽኔታዋ ስትሰበር የወጣው ገንዘብ ግን ከባለቤቱ ኪስ ወጣ። ቁጠባው የአንዱ፣ ኪሣራው የሌላው ሲሆን ማመዛዘን ተባለ እንጂ አልተመዛዘነም። ዋስትናው ከሚያልቅበት ቀን በኋላ ያለው ዕድሜ በመሐንዲሱ ወረቀት ላይ ሊጻፍ የሚገባው ስለዚህ ነው።

ይህ ነገር ለኛ አገር የሩቅ ወሬ አይደለም። በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ከሚሄዱት መኪናዎች አብዛኞቹ በሌላ አገር አገልግለው የመጡ ናቸው። ይህም ማለት የፋብሪካው ዋስትና ያለቀው፣ የፍርድ ቤቱ ካሣ የማይደርሰው፣ ኩሽኔታው የሚደክምበት ጊዜ የተቃረበው መኪና የሚመጣው ወደኛ ነው ማለት ነው። በአሜሪካ የተከሰሰ ኩባንያ ለአሜሪካዊው ገዢ ይከፍላል፤ ያንኑ መኪና በሦስተኛ እጅ ለገዛው ለመርካቶ ነጋዴ ግን ማን ይከፍለዋል? ከ2024 ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ አሁን በእጃችን ያሉትን ሞተሮች ለረዥም ዘመን እየጠገንን መኖር ይኖርብናል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም ቢሆኑ ከዚህ ጥያቄ አያመልጡም። አንዲት ሴል ስትደክም ባትሪው ሁሉ የሚጣል እንደ ሆነ፣ ያቺ ሴል የፖርሼዋ ኩሽኔታ እኅት ናት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኛ ገና ተማሪዎች ስለ ሆንን ፋብሪካ ልናዝዝ አንችልም። ቢሆንም ሁለት ነገር ለማሳሰብ እደፍራለሁ። አንደኛ፣ በንድፍ ትምህርታችን ለምናቀርበው ለእያንዳንዱ ሥራ መምህራኖቻችን ሦስት ጥያቄዎች እንዲጨምሩብን እለምናለሁ፤ ይህ ዕቃ ከመሰበሩ በፊት ምልክት ይሰጣል ወይ? መካኒኩ ሌላውን ሁሉ ሳያፈርስ ይደርስበታል ወይ? ሲሰበርስ ምን ይዞ ይወድቃል? ሁለተኛ፣ ከኛ መካከል በክረምት በየጋራዡ የሚሠሩት ጓደኞቻችን ተሰብሮ ያዩትን ዕቃ፣ የመኪናውን ዕድሜና የጥገናውን ዋጋ በማስታወሻ ቢይዙ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአገራችን መንገድና አየር የትኛው ዕቃ እንደሚሸነፍ የሚያሳይ መዝገብ ይኖረናል። ሽማግሌው መካኒክ ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞታል፤ እርሱ ያለፈ ዕለት ግን አብሮት ያልፋል።

ያ ሰው ትቶት የሄደው መኪና ልምምዴን እስከ ጨረስሁበት ቀን ድረስ በጋራዡ ጥግ አቧራ ለብሶ ቆሞ ነበር። ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ ሆኖ ንድፍ የሚያወጣ ሰው፣ እርሳሱን ከማስቀመጡ በፊት ያንን መኪና አንድ ጊዜ ቢያስበው መልካም ይመስለኛል። በዚህ አሳብ የማይስማማ አንባቢ ቢኖር ደግሞ መልሱን በሚቀጥለው ዕትም ላይ ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።